ወደብ ላይ ሁለት ሳምንት፦ ከኮንቴይነር በፊት የጭነት መርከብ ሥራ ምን ይመስል ነበር?

ሰሞኑን ስለ ወደብ የማያወራ ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ ወደብ፣ ካፌ ውስጥ ወደብ፣ ሬዲዮ ሲከፈት ወደብ። ስለ መርከቡ ግን ብዙም አይወራም። ዕቃው ከአንድ አገር ተነሥቶ ሌላ አገር እስኪደርስ ማን ጫነው? ማን ነዳው? ስንት ቀን ፈጀ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ማብራሪያ ወደ ኋላ መለስ ብሎ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የነበረውን የጭነት መርከብ ሥራ ይመለከታል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

የዚያ ዘመን መርከበኞች ትዝታቸውን ሲያወሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይሰማል። ከባሕሩ ይልቅ ወደቡን ነው የሚያነሡት። የቦምቤይን ገበያ፣ የሞምባሳን ሙቀት፣ የቦነስ አይረስን ሥጋ ቤት። ዛሬ በትልቅ የኮንቴይነር መርከብ የሚሠራ ሰው ግን ሮተርዳም ደርሶ ሮተርዳምን ሳያያት ሊመለስ ይችላል። ልዩነቱ ከሰዎቹ ጠባይ አልመጣም። የመጣው ጭነት ከሚጫንበት መንገድ ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ መርከቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

ያኔ ባሕሩን የሞሉት መርከቦች ከየት መጡ?

ብዙዎቹን የወለዳቸው ጦርነቱ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አትላንቲክ ላይ የጭነት መርከቦችን እያሳደዱ ያሰምጡ ነበር። አሜሪካ መልሷ ቀላል ነበር፤ ከሚሰምጠው በላይ መሥራት። ለዚህ የተመረጠው ሊበርቲ የሚባለው ንድፍ ነው። የመጀመሪያዋ ሊበርቲ፣ ፓትሪክ ሄንሪ፣ መስከረም ወር 1941 ውኃ ነካች። እስከ 1945 ድረስ 2,710 ሊበርቲዎች ተሠሩ። ሮበርት ፒሪ የተባለችው በ4 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ለውኃ በቅታለች። እሷ ለማሳያ የተሠራች ነበረች፤ ሌሎቹ ሳምንታት ይፈጁ ነበር። እሱም ቢሆን ለመርከብ በጣም ፈጣን ነው።

አንዷ ሊበርቲ ርዝመቷ 134 ሜትር ገደማ ነው። ከ10,000 ቶን በላይ ትሸከማለች። አምስት የጭነት ጉድጓዶች አሏት። ፍጥነቷ በሰዓት 11 የባሕር ማይል፣ ማለትም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኤደን እስከ ስዊዝ ያለውን 1,300 የባሕር ማይል አምስት ቀን ትወስድበታለች፤ ያውም ቀንና ሌሊት ሳትቆም።

ፍጥነቱ ዋጋ አስከፍሏል። ድሮ የመርከብ ብረት በብሎን መሰል ምስማር እየተመታ ነበር የሚያያዘው። ሊበርቲን ለማፋጠን ብረቱን በብየዳ አያያዙት። ከዚያ አንዳንዶቹ በብርድ ባሕር ላይ ይሰነጠቁ ጀመር፤ ለሁለት የተሰበሩም አሉ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በበያጆቹ ላይ ጣለ። የካምብሪጅዋ ሳይንቲስት ኮንስታንስ ቲፐር ግን ዋናው ችግር ብረቱ ራሱ መሆኑን አሳየች። ያ የብረት ዓይነት ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል። በብየዳ በተያያዘ መርከብ ላይ ደግሞ ስንጥቁን የሚያስቆመው መገጣጠሚያ የለም። አንድ ጊዜ ከጀመረ ይሮጣል።

ጦርነቱ ሲያበቃ መርከቦቹ በርካሽ ተሸጡ። ግሪኮች ብቻ በአንድ ጊዜ 100 ሊበርቲ ገዙ፤ የግሪክ የመርከብ ሀብት የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ኖርዌይ፣ ጣሊያን፣ እንግሊዝም ገዙ። ብዙ ባለቤቶች ደግሞ መርከባቸውን በፓናማ፣ ከ1948 ጀምሮም በላይቤሪያ ባንዲራ ሥር አስመዘገቡ። ግብሩ ዝቅተኛ ነው። መርከበኛውንም ከፈለጉት አገር መቅጠር ይቻላል። ስለዚህ የግሪክ ሀብት የሆነ፣ አሜሪካ የተሠራ፣ የላይቤሪያ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ማየት የተለመደ ሆነ።

መርከቡ ላይ ማን ምን ይሠራል?

በአንድ መካከለኛ የጭነት መርከብ 40 ሰው ገደማ ይኖራል። ሥራው በሦስት ይከፈላል፦ ላይ ወለል ላይ የሚሠሩ፣ ሞተር ክፍል የሚሠሩና ምግብ የሚያዘጋጁ። ሁሉም በካፒቴኑ ሥር ናቸው። ላይ ወለል የሚሠሩትን መርከበኞች የሚያሰማራው ቦሱን ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ካቦው ነው።

ቀኑ በፈረቃ ይከፈላል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ። ሁለተኛው መኮንን ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ይቆማል። አንደኛው መኮንን ከ10 እስከ ጠዋቱ 2። ሦስተኛው ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6። ከሰዓት በኋላና ማታ ደግሞ ይኸው ይደገማል። ከሁሉም የሚከብደው የሁለተኛው መኮንን ፈረቃ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሶ ጨለማ ውስጥ መቆም ነውና።

አንደኛው መኮንን የንጋትና የምሽት ፈረቃ የያዘው በምክንያት ነው። ያኔ ጂፒኤስ የለም። መርከቡ የት እንዳለ የሚታወቀው በሰማይ ነው። ሴክስታንት የሚባል የእጅ መሣሪያ አለ፤ በኮከብና በአድማስ መካከል ያለውን ማዕዘን ይለካል። ችግሩ ሌሊት ኮከብ ይታያል፣ አድማስ ግን አይታይም። ቀን ደግሞ አድማሱ አለ፣ ኮከቡ የለም። ሁለቱ አብረው የሚታዩት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ እንደጠለቀች ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንደኛው መኮንን እነዚያን ደቂቃዎች ይጠብቃል። ማዕዘኑን ይለካል፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ይመዘግባል፣ ከሠንጠረዥ ጋር ያሰላል። አራት ሰከንድ ከተሳሳተ ምድር ወገብ አካባቢ አንድ የባሕር ማይል ይስታል። ደመና ከሆነ ኮከብም ፀሐይም የለም። ያን ጊዜ በፍጥነትና በአቅጣጫ ገምቶ መሄድ ነው።

ተራው መርከበኛስ? መሪ ይይዛል፣ ፊት ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀረውን ጊዜ ከዝገት ጋር ይታገላል። ጨው የበላው ብረት በመዶሻ ይፋቃል፣ ቀይ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ ከላዩ ቀለም ይደረብበታል። መርከቡን ከፊት እስከ ኋላ ቀብተው ሲጨርሱ ፊቱ እንደገና ዝጎ ይጠብቃቸዋል። መዶሻው ብረት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ለብዙዎቹ ዕድሜ ልክ ከጆሯቸው አልወጣም።

ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው ሕይወት እንዴት ነበር?

ሊበርቲን የሚያንቀሳቅሰው በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ሞተር ነው። ቁመቱ ፎቅ ያህላል፣ በደቂቃ 76 ጊዜ ይዞራል። ሰውነቱ ክፍት ነው፤ ከሰው የሚበልጡት ዘንጎቹ ዓይን እያያቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

እዚህ የሚሠራው ዘይት ቀቢ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ከጋለ ይቀልጣል፣ መርከቡም ባሕር መሐል ይቆማል። መጋሉን በምን ያውቃል? በእጁ። ክራንኩ፣ ማለትም ዘንጉን የሚያዞረው ክንድ፣ ወደ እሱ ሲመጣ እጁን ይሰዳል፣ ከእንቅስቃሴው ጋር አብሮ እየሄደ በመዳፉ ይነካዋል፣ ሳይዞርበት ይመልሳል። ይህን ሞተሩ ሳይቆም ያደርገዋል። ሁሉንም ኩሽኔታዎች በተራ፣ ፈረቃው እስኪያልቅ ደጋግሞ። ማዕበል ሲኖር ወለሉ ከሥሩ እየተወዛወዘ ነው። በዚህ ሥራ ጣቱን ያጣ ሰው ነበር።

ሙቀቱ ሌላ ነው። ቀይ ባሕር ላይ በሐምሌና በነሐሴ የሞተር ክፍል ከ45 ዲግሪ በላይ ይወጣል። መርከቡ ወደ ደቡብ ሲሄድ ነፋሱ ከኋላው ስለሚነፍስ አየር ወደ ውስጥ አይገባም። አንዳንድ ካፒቴን ሰዎቹ መተንፈስ ሲያቅታቸው መርከቡን አዙሮ ፊቱን ለነፋስ ይሰጥ ነበር፤ አየሩ ሲገባ መንገዱን ይቀጥላል። በከሰል በሚሠሩ አሮጌ መርከቦች ላይ ደግሞ አካፋ የሚይዙ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ከዚህ ይብሳል።

በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከኤደን የተቀጠሩ የመናውያንና ሶማሌዎች፣ ከሕንድ ወገን የመጡም ነበሩ። ካርዲፍና ሳውዝ ሺልድስ የሚባሉት የብሪታንያ የወደብ ከተሞች ውስጥ ያሉት የሶማሌና የየመን ሰፈሮች የተመሠረቱት በእነዚህ መርከበኞች ነው። የሕንድ መርከበኞች ደሞዝ ከነጩ መርከበኛ ደሞዝ በእጅጉ ያንስ ነበር፤ መኝታቸውም ጠባብ ነበር። ስለዚያ ዘመን በፍቅር ሲወራ ይህ ሲታለፍ ያሳዝነኛል። የእንፋሎት ቱቦዎቹ የሚጠቀለሉት አስቤስቶስ በሚባል ሙቀት የሚከላከል ቃጫ ነበር። ብናኙን የተነፈሱ ብዙ ሰዎች ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በሳንባ በሽታ ሞተዋል።

ባሕር መሐል ሰው ቢታመም ወይ መርከብ ቢሰምጥስ?

በአብዛኞቹ የጭነት መርከቦች ላይ ሐኪም የለም። ቁስል የሚሰፋው፣ መርፌ የሚወጋው ካፒቴኑ ወይም አንዱ መኮንን ነው፤ የሕክምና መመሪያ መጽሐፍ ገልጦ። ነገሩ ሲከብድ በሬዲዮ ይጠየቃል። ሮም ውስጥ በ1935 የተቋቋመ ማዕከል ለማንኛውም አገር መርከብ በነፃ የሕክምና ምክር ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም ይሰጣል።

ሬዲዮው የሞርስ ነው፤ አጭርና ረጅም ድምፅ። ሬዲዮ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ቦታ በቀይ ተቀብቷል፤ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃና ከ45ኛው እስከ 48ኛው። በእነዚህ ሦስት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ በዓለም ዙሪያ ያለ መርከብ ሁሉ በአደጋ መጥሪያው ሞገድ ላይ ዝም ይላል። ለምን? አቅም ያነሰው መርከብ ድረሱልኝ ሲል ድምፁ በሌላው ወሬ እንዳይዋጥ። ሬዲዮ ሠራተኛው ተኝቶ ከሆነም የተለየ ምልክት ሲመጣ ደወል የሚያሰማ መሣሪያ ነበር።

ጭነቱ እንዴት ነበር የሚገባው?

የዘመኑ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ኮንቴይነር አልነበረም። ዕቃ የሚመጣው እንዳለ ነው፤ በጆንያ፣ በሣጥን፣ በበርሜል፣ በጥቅል። መኪናም በነጠላው ይመጣል፣ ፒያኖም። መርከቡ ወደብ ሲጠጋ መጀመሪያ ጉድጓዶቹ ይከፈታሉ። ሸራው ይገፈፋል፣ ከሥሩ ያሉት ከባድ ጣውላዎች አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ተሸካሚዎቹ የብረት አግዳሚዎች ይወጣሉ። በዚህ ሰዓት እግሩን የሳተ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ማንሻው የመርከቡ የራሱ ነው። ሁለት ረጃጅም ክንዶች አብረው ይሠራሉ። አንዱ ከጉድጓዱ በላይ ይቆማል፣ ሌላው ወደ ወደቡ ወጣ ብሎ ይታሰራል። ክንዶቹ ራሳቸው አይንቀሳቀሱም። ከሁለቱም የሚወርደው የብረት ገመድ አንድ መንጠቆ ላይ ይገናኛል። አንዱ ዊንች፣ ማለትም ገመዱን የሚጠቀልለው ማሽን፣ ሲስብ ሌላው ይለቃል። ጭነቱ ከመሬት ይነሣል፣ አየር ላይ ይሻገራል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። ሁለቱ ዊንቾች ካልተናበቡ ገመዱ ከመጠን በላይ ይወጠርና ይበጠሳል።

ከታች የጫኞች ቡድን ይጠብቃል። መንጠቆው ያወረደውን ፈትተው፣ ተሸክመው፣ ጥግ ድረስ ወስደው ይደረድራሉ። የመርከብ ሆድ ግድግዳው ጠማማ ነው፤ ሣጥን ደግሞ ማዕዘን አለው። ክፍተቱ በእንጨት ካልተሞላ ባሕር ላይ ሁሉም ይናዳል። ስለዚህ ለመደላደያ የሚገባው እንጨትና ገመድ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይፈጅ ነበር።

አደራደሩን የሚያቅደው አንደኛው መኮንን ነው። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን አስቡት። ደብረ ማርቆስ የሚወርደው ሰው ሻንጣ ከሥር ከገባ፣ ማርቆስ ላይ የሁሉም ዕቃ ይራገፋል። መርከቡም ስምንት ወደብ የሚነካ ከሆነ የመጀመሪያው ወደብ ዕቃ ከላይ መሆን አለበት። ግን ከባዱ ታች መሆንም አለበት፤ አለዚያ መርከቡ ይገለበጣል። ከባዱ ሁሉ ታች ከሆነ ደግሞ መርከቡ በኃይል ይወዛወዝና ጭነቱን ይሰብራል። በዚያ ላይ ምን ከምን ጎን እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

የእኛን አገር ጭነት እንውሰድ። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ፣ ከአሰብና ከምጽዋ የሚወጣው ዋና ዕቃ ቡና፣ ቆዳና የቅባት እህል ነበር። ቡና ሽታ ይስባል። ቆዳ ይሸታል። ሁለቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጠ መኮንን አውሮፓ ሲደርስ ማንም የማይጠጣው ቡና ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚይዙት የቡና ጆንያዎች ለብቻ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ይደረደራሉ፤ ቆዳው ራቅ ብሎ።

ያም ሆኖ አልበቃም። መርከቡ ከቀይ ባሕር ሙቀት ወጥቶ ወደ ሰሜን አውሮፓ ብርድ ሲገባ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ከጭነቱ የሚወጣው ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውኃ ይሆንና ቡናው ላይ ይንጠባጠባል። ቡናው ይሻግታል። መርከበኞች ይህን የመርከብ ላብ ይሉታል። መድኃኒቱ አየር ነው። ወለሉ ላይ ቆመው የምታዩአቸው አፋቸው ሰፊ የሆኑ የአየር ቱቦዎች ለዚህ ናቸው፤ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ በእጅ ይዞራሉ። በጆንያው መካከልም አየር የሚያልፍበት መንገድ ይተዋል።

ሌብነትም ነበር። ዕቃው በግልጽ የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ነው። በተለይ ውስኪ ሳይጎድል አይደርስም ነበር። ቆጣሪዎች ወደቡ ላይ ቆመው ሣጥኑን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። መርከበኛም ጉድጓዱ ውስጥ እየወረደ እንዲጠብቅ ይታዘዝ ነበር።

ይህ ሁሉ ስንት ይፈጅ ነበር?

የታወቀ አንድ ጥናት አለ። መጋቢት ወር 1954 ላይ ዋሪየር የምትባል የአሜሪካ የጭነት መርከብ ከብሩክሊን ወደ ጀርመኑ ብሬመርሃቨን ተጓዘች። አጥኚዎች ጭነቷን ሙሉ በሙሉ ቆጠሩ። 5,015 ቶን፣ በቁጥር 194,582 ዕቃ። ሣጥን ብቻ ከ74,000 በላይ ነው። መኪናና ሌላ ተሽከርካሪ 53። መጫኑ ስድስት ቀን ፈጀ፤ አንዱ ቀን በሥራ ማቆም አድማ ባከነ። ማራገፉ ቀንና ሌሊት ተሠርቶ አራት ቀን ወሰደ። አትላንቲክን መሻገሩ ደግሞ አሥር ቀን ተኩል።

ማለትም ውቅያኖስ ለመሻገርና ዕቃ ለማንሣት የፈጀው ጊዜ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ወጪው ይበልጥ ያስገርማል። ጠቅላላው 237,577 ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ የባሕር ጉዞው የወሰደው 11.5 በመቶ ብቻ ነው። በሁለቱ ወደቦች ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ የወጣው 36.8 በመቶ ነው። ውድ የነበረው ባሕሩ አይደለም፤ ወደቡ ነው።

ዋሪየር እድለኛ ነበረች፤ ሁለት ወደብ ብቻ ነው የነካችው። ብዙ ወደብ የሚነኩ መርከቦች ከዓመቱ ግማሹን ቆመው ነበር የሚያሳልፉት። ዝናብ ከጣለ ስኳርና ሲሚንቶ አይነካም፤ ጉድጓዱ ይዘጋል፣ ሁሉም ይጠብቃል። ወደቡ ከተጨናነቀም መልሕቅ ጥሎ ተራ መጠበቅ አለ።

ታዲያ መርከበኛው ዓለምን ያየው መቼ ነው?

ያን ጊዜ ነዋ። ለባለቤቱ ኪሳራ የሆነው ቀን ለመርከበኛው ከተማ የሚወጣበት ቀን ነበር። ጫኞቹ የወደቡ ሰዎች ናቸው። የመርከቡ ሰው ፈረቃውን ሲጨርስ ልብሱን ቀይሮ ይወርዳል። አንድ ወደብ ላይ ሁለት ሳምንት የቆመ ሰው ቡና የሚጠጣበት ቤት ይኖረዋል፣ የሚያውቀው ባለሱቅ ይኖረዋል፣ ሰላምታና ዋጋ መጠየቂያ ያህል ቋንቋ ይለምዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ በስሙ የሚጠራው ሰው ያገኛል።

የመርከቡም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በተወሰነ መስመር በፕሮግራም የሚመላለሱ መርከቦች አሉ፤ መርከበኛው መቼ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃል። ትራምፕ የሚባሉት ግን ጭነት ወዳለበት ይሄዳሉ። ስንዴ ከአውስትራሊያ አራግፈው ሳይጨርሱ ቴሌግራም ይመጣል፤ ቀጥሎ ፎስፌት፣ ከዚያ ከሰል። በእንግሊዝ መርከብ የሚቀጠር ሰው ሲፈርም እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ተስማምቶ ነው። ደብዳቤ የሚደርሰው በመርከቡ ወኪል በኩል ወደብ ላይ ነው። መንገዱ ከተቀየረ ደብዳቤው ይቀራል። ልጁ መወለዱን ከሁለት ወር በኋላ የሰማ አባት ብዙ ነበር።

ተሳፋሪም ነበረ። ዓለም አቀፉ ሕግ ከ12 በላይ ተሳፋሪ የያዘን መርከብ እንደ መንገደኛ መርከብ ይቆጥረዋል፤ ደንቡ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ የጭነት መርከቦች እስከ 12 ሰው ብቻ ይወስዱ ነበር። ሚሲዮናውያን፣ ተማሪዎች፣ አውሮፕላን የሚወደድባቸው ሰዎች ይሳፈሩባቸዋል። ከመኮንኖቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። መቼ እንደሚደርሱ ግን ማንም አይነግራቸውም።

የስዊዝ ቦይ ሲዘጋስ ምን ሆነ?

ባለፉት ዓመታት ቀይ ባሕር ላይ በደረሱ ጥቃቶች ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ሲዞሩ ሰምታችኋል። ይህ አዲስ አይደለም። ቦዩ በ1956 መጨረሻ ለወራት ተዘግቷል። ሰኔ 1967 ላይ ደግሞ ከአረብ እስራኤል ጦርነት ጋር ተዘግቶ ለስምንት ዓመት አልተከፈተም።

ያን ቀን ቦዩ ውስጥ የነበሩ 14 መርከቦች ታላቁ መራራ ሐይቅ በሚባለው ቦታ ታሰሩ። የእንግሊዝ፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የስዊድን፣ የፖላንድ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የቡልጋሪያና የቼኮስሎቫኪያ ነበሩ። የበረሃው አሸዋ ስለሸፈናቸው ቢጫው የመርከብ ጓድ ተባሉ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ መንግሥቶቻቸው በጠላትነት ይተያያሉ። መርከበኞቹ ግን ማኅበር አቋቋሙ። በአንዱ መርከብ ላይ ፊልም ያያሉ፣ በሌላው ኳስ ይጫወታሉ። በ1968 የራሳቸውን ኦሎምፒክ አዘጋጁ። በእጃቸው የሠሩትን ቴምብር ለጥፈው ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። በ1975 ቦዩ ሲከፈት በራሳቸው ሞተር አገራቸው የገቡት ሁለቱ የጀርመን መርከቦች ብቻ ናቸው።

ጉዳቱ ወደ እኛም ደርሷል። መርከብ በቀይ ባሕር ማለፉን ሲያቆም ኤደንና ጅቡቲ ገበያቸው ቀዘቀዘ። ነዳጅና ውኃ ለመቅዳት የሚቆም የለም። አውሮፓ የሚሄደው የኢትዮጵያ ቡናም አፍሪካን መዞር ግድ ሆነበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ የት ነበረች?

ለረጅም ጊዜ ዕቃችን በሰው መርከብ ነበር የሚሄደው። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት የተመሠረተው በ1964 ነው። ማለትም ኮንቴይነር የድሮውን አሠራር ሊያፈርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው። የመጀመሪያዎቹ መርከበኞቻችን ስለዚህ ሁለቱንም ዘመን አይተዋል፤ ጆንያውንም ኮንቴይነሩንም። ኤርትራ ከተለየች በኋላም መርከቦቹ በባሕር ላይ ቆዩ። ዛሬ ድርጅቱ ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት አገልግሎቱ ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ይባላል።

በዚያ ዘመን በመርከብ ረጅም መንገድ የሄዱ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች። በ1951 የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ ተነሥቶ ኮሪያ ፑሳን እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ባሕር ላይ ነበር። የተሳፈሩበት የአሜሪካ ጦር ማጓጓዣ እንጂ የንግድ መርከብ አልነበረም። ባሕሩና ርቀቱ ግን ያው ነው፤ ብዙዎቹ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ያ አሠራር በምን ጠፋ?

በትልቅ የብረት ሣጥን፣ በኮንቴይነር። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት ነበር። መኪናውን ወደብ ላይ አቁሞ ዕቃው አንድ በአንድ ሲነሣ መጠበቅ አንገሸገሸው። ለምን ሙሉው ሣጥን አይነሣም አለ። ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል የተሻሻለች የነዳጅ መርከብ 58 ሣጥኖች ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ሄደች። በልማዱ አንድ ቶን መጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ያስወጣ ነበር። በሣጥን 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

ከዚያ በኋላ ያቆመው የለም። በ1966 ሣጥኑ አትላንቲክን ተሻገረ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሣጥኑ መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ እንዲሆን ተስማሙ። ዶክ የሚባሉት የለንደን የመርከብ መጫኛና ማራገፊያ ቦታዎች ከ1967 ጀምሮ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻዎቹ በ1981። በሺህ የሚቆጠሩ ጫኞች ሥራ አጡ። ዕቃ ረከሰ፣ ሌብነት ቀነሰ፣ የሥራ ላይ አደጋም ቀነሰ። መርከቡ ደግሞ ወደብ ላይ የሚቆየው በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። ወደቦቹ ከከተማ ወጥተው ሰፊ ሜዳ ፍለጋ ራቁ። መርከበኛው አሁን ከመርከቡ ቢወርድ እንኳ የሚያገኘው የሣጥን ክምርና አጥር ነው።

ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ከሚገኘው የባሕር ማሠልጠኛ ወጥተው በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች የሚኖሩት ይህንኛውን ሕይወት ነው። ደሞዙ ከድሮው የተሻለ ነው፣ ሞተር ክፍሉም እጅ የሚሰዱበት አይደለም። ከተማ ማየቱ ግን ቀርቷል።

የድሮውን መርከብ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከ2,710ዎቹ ሊበርቲዎች ሞተራቸው እየሠራ የተረፉት ሁለት ናቸው፤ ጀረማያ ኦብራየን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጆን ብራውን ባልቲሞር። ኦብራየን በ1994 በጦርነቱ ጊዜ የተባባሪዎቹ ጦር ኖርማንዲ ያረፈበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። ፒሬየስ፣ ግሪክ ውስጥም ሄላስ ሊበርቲ የምትባል ሙዚየም የሆነች አለች። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ላላችሁ ባልቲሞር በመኪና ሩቅ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት የሆነችበትን ቀን አረጋግጡ። የሞተር ክፍሉ መሰላል ቀጥ ያለና ጠባብ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ ሕፃን ያዘላችሁ ከሆነ ተራ በተራ ውረዱ።